«2 ሴንቲሜትር ነሽ» ብለው መለሱኝ፤ ልጄ ታፍኖ ይሆን?

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ሲሆን 39ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ትናንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ምጥ ጀመረኝና ጤና ጣቢያ ሄድን። አዋላጇ መርምራኝ «2 ሴንቲሜትር ነሽ፣ ገና ነው፣ ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ» ብላ መለሰችኝ። ሕመሙ አሁንም ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ለረጅም ሰዓት ይጠፋል። እናቴ «ምጥ ጀምሮ ከቆመ ልጁ ይታፈናል» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ባለቤቴ ደግሞ «የግል ሆስፒታል ሄደን በኦፕራሲዮን ይውጣ» ይላል። ውስጤ ምን እየሆነ ነው? መቼ ነው ተመልሼ መሄድ ያለብኝ?

መልስ፦

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። ከጻፍሽው ውስጥ ልጅሽ መታፈኑን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ምጥሽም አልተበላሸም። ያለሽው የምጥ የመጀመሪያው፣ ዘገምተኛው ክፍል ላይ ነው። አዋላጇ ወደ ቤት እንድትመለሺ ማድረጓ ትክክል ነው። ግን ለምን እንደመለሰችሽ ሁለት ደቂቃ ወስዳ ብታስረዳሽ ኖሮ እናትሽም እንቅልፍ ባላጡ ነበር። እኛ አዋላጆች ይህ አመል አለብን። ቁጥሩን እንነግራለን፣ ትርጉሙን ለራሳችን እንይዛለን።

መልሴ ረጅም ስለሆነ አስቸኳዩን ላስቀድም። እንደ ወር አበባ ወይም ከዚያ በላይ የሚፈስ ደም ካየሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ሆድሽ ጠጥሮ ጨርሶ የማይላላ ከሆነ ይህን ማንበብ ትተሽ አሁኑኑ ሂጂ። የእንሽርት ውሃሽ ከፈሰሰም ምጥ ባይኖርም ሂጂ። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከሸተተ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ንፍጥ የሚመስል፣ ጥቂት ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ግን አያስደንግጥሽ። እሱ የማህፀን በር መላላት መጀመሩን የሚናገር ምልክት ነው። ካየሽው በኋላ ምጡ በሰዓታትም በቀናትም ሊመጣ ይችላል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ቁጭ በይና እናውራ።

2 ሴንቲሜትር ስትባዪ የተለካው የማህፀን በር ነው፤ የማህፀን የታችኛው ጫፍ ማለት ነው። እስካሁን ሥራው መዝጋት ነበር። ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ጠንካራ፣ በወፍራም ንፍጥ የተደፈነ መተላለፊያ ነው። ይህ ነገር ዝም ብሎ አይከፈትም። መጀመሪያ መለስለስ አለበት። ከዚያ ማጠር፣ ከዚያ መሳሳት። አንገቱ ጠባብ የሆነ ሹራብ ስትለብሺ አስቢው። ጭንቅላትሽ ሲገፋው አንገቱ አጥሮ ከሹራቡ ጋር አንድ ይሆናል፣ ቀዳዳው የሚሰፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ልጅ ይህ ቅደም ተከተል በደንብ ይታያል። በሩ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ይከፈታል። ወልዳ የምታውቅ ሴት ላይ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ነገሩ ይፈጥናል። ስለዚህ ሁለት ሴቶች «2 ሴንቲሜትር» ስለተባሉ ብቻ እኩል ላይ ናቸው ማለት አይደለም። የአንዷ በር ገና ወፍራም ሊሆን ይችላል፣ የሌላዋ ሳስቶ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋ ብዙ መንገድ ሄዳለች፣ ሴንቲሜትሩ ግን ያንን አይናገርላትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ምርመራ «ስንት ደረስኩ?» ብለሽ አታብቂ። «በሩ ምን ያህል ሳስቷል? ጭንቅላቱስ ወርዷል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ የማግኘት መብት አለሽ።

ምጥን የሚያስጀምረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ማህፀንሽን ጸጥ አድርጎ የያዘው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ነበር። ወደ መጨረሻው አቅሙ እየተዳከመ ኤስትሮጅን ያይላል። ልጁና የእንግዴ ልጁም በበኩላቸው ሆርሞን ይልካሉ። ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በሩን ያለሰልሳሉ። ኦክሲቶሲን የሚባለው ማህፀንን የሚያኮማትር ሆርሞን ደግሞ አሁን በቀላሉ ይሰማል፤ የማህፀን ጡንቻ መቀበያዎቹን አብዝቶ ጠብቆታልና። ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ስለሆነ በተባለላት ቀን ልክ የምትወልደው ከመቶ 5 ያህሏ ብቻ ናት።

ስለ ቀን ካነሳን አይቀር፣ የተነገረሽ ቀን የሚሰላው ከመጨረሻው ወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ተቆጥሮ ነው። በእኛ ካላንደር 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል። መሀል ላይ ጳጉሜን ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ከ4 ቀን። ግን ከ37 እስከ 42 ሳምንት ያለው ሁሉ መውለጃ ነው። «ቀኔ አለፈ» ብለሽ በማግስቱ አትሸበሪ። 41 ሳምንት ከሞላሽ ግን ክትትል ወደሚያደርጉልሽ ሰዎች መሄድ አለብሽ።

አሁን ወደ እናትሽ ስጋት ልምጣ። ማህፀን ሲኮማተር በግድግዳው የሚያልፉት የደም ሥሮች ይጨመቃሉ። ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለዚያች አንድ ደቂቃ ይቀንሳል። ማህፀኑ ሲላላ ደሙ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በማህፀንሽ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ያልፋል፣ ትንሽ አይደለም። የልጁ ደምም ከአዋቂ ሰው ደም ይልቅ ኦክስጅንን ስቦ የመያዝ ጉልበት አለው። ጤነኛ ልጅ እነዚህን ውጣ ውረዶች የሚችል ሆኖ ነው የተዘጋጀው።

ስለዚህ በሁለት ምጥ መሀል ያለው ፋታ ልጁ ኦክስጅኑን የሚሞላበት ጊዜ ነው። የሚያሳስበን ፋታ ሲጠፋ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ምጥ ከመጣ እንጨነቃለን። ምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት የልጁን ልብ ምት የሚያዳምጥ ባለሙያ በሌለበት መውሰድ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከፋርማሲ ገዝቶ እቤት የሚወስድ ሰው ስላለ ነው የማነሳው።

እናትሽ ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም የፈሩት። በእሳቸው ዘመን ብዙ ሴት እቤቷ ለቀናት ታምጥ ነበር። የልጁ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ልጁም ይሞታል፣ የእናቲቱም ፊኛ ይጎዳና ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ይከተላል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነበር። ያ ግን ጠንቶ፣ ገፍቶ፣ መውጫ ያጣ ምጥ ነው። ያንቺ ገና አልጠናም። ልዩነቱን እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ደግሞም የሚመጣው የሚሄደው ሕመም በከንቱ አይደለም። የማህፀን ጡንቻ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ሌላ ጡንቻ ተኮማትሮ ሲላላ ወደነበረበት ርዝመት ይመለሳል። የማህፀን ጡንቻ ግን በምጥ ጊዜ ከእያንዳንዱ መኮማተር በኋላ ትንሽ አጥሮ ይቀራል። በዚህ የተነሳ የላይኛው ክፍል እየወፈረ፣ የታችኛው እየሳሳ ወደ ላይ ይሳባል። በሩ የሚከፈተው በዋናነት ከላይ እየተሳበ ነው። ሌሊቱን የመጣብሽ ሕመም ትንሽም ቢሆን ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን «በሰዓት 1 ሴንቲሜትር» ስለሚባለው ነገር። ሰምተሽው ይሆናል፣ ካልሰማሽም ዋርድ ስትገቢ መስማትሽ አይቀርም። መነሻው ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራው ጥናት ነው። ለአሥርተ ዓመታት ዓለም በሱ መስመር ሴቶችን ሲለካ ኖረ። በኋላ ናይጄሪያና ኡጋንዳ ውስጥ ከ5,000 በላይ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታይ፣ ብዙዎቹ 5 ሴንቲሜትር እስኪደርሱ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸው ጤነኛ ልጅ ወልደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የጠናው ምጥ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲሜትር ጀምሮ እንዲሆን አድርጓል። ከዚያ በፊት ላለው ክፍል የተወሰነ ሰዓት አልሰጠውም። ከሴት ሴት ስለሚለያይ ነው። በእኔ እይታ ከዚያ መመሪያ ለእናቶች ትልቁ ስጦታ ይሄ ነው። በ2 ሴንቲሜትር አልጋ ይዛ፣ ሰዓት እየተቆጠረባት፣ «ምጥሽ ዘገየ» ተብላ መድኃኒት የሚሰካላት ሴት ብዙ ናትና።

ታዲያ እቤት ምን ትሠሪያለሽ? ከሁሉ በፊት ተኚ። ቀልዴን አይደለም። ሌሊት የጀመረ ምጥ ላይ ቁጭ ብለሽ ደቂቃ ስትቆጥሪ ካደርሽ ጉልበትሽ በሚያስፈልግሽ ሰዓት አልቆ ታገኚዋለሽ። በጎንሽ ተኚ። ብዪ፣ ጠጪ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሻይ፣ የተስማማሽ ሁሉ ይሆናል። ሽንትሽን ቶሎ ቶሎ ሽኚ፣ የሞላ ፊኛ ለጭንቅላቱ መንገድ ይዘጋል። ሞቅ ያለ ውሃ ታጠቢ። ወገብሽን የሚያሽልሽ ሰው ካለ ይሽልሽ። ሆድሽን ግን ማንም እንዳያሽሽ፤ የእንግዴ ልጁ ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል።

ተልባስ? እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ተልባ ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ማህፀን አይሄድም፣ ስለዚህ ልጁን አያንሸራትተውም። ምግብ ስለሆነ ግን ደስ ካለሽ ጠጪ፣ የሆድ ድርቀት ይከላከልልሻል። የጉሎ ዘይት ግን ተይ። ተቅማጥና ትውከት አምጥቶ ድካም ላይ ድካም ይጨምራል።

የምትመለሺበትን ሰዓት ደግሞ እንዲህ እወቂው። ምጡ በየ5 ደቂቃው መምጣት ከጀመረ፣ አንዱ አንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ፣ ይህም ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ከቀጠለ ተነሺ። ሌላም ምልክት አለ። ምጡ ሲመጣ ወሬሽን ማቋረጥ ከጀመርሽ፣ ስትንቀሳቀሺ ወይም ስትተኚ የማይጠፋ ከሆነ ጠንቷል። ቤትሽ ከጤና ተቋም ሩቅ ከሆነ፣ መኪና የማይገኝበት ሰፈር ከሆነ ይህን ሁሉ አትጠብቂ፣ ቀደም በይ። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ልጇ በመቀመጫው የመጣባት ሴትም ምጥ ሲጀምራት ነው የምትሄደው። 37 ሳምንት ያልሞላትም እንዲሁ።

ተመልሰሽ ስትገቢ ምናልባት 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ትሆኛለሽ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ፍጥነት ይይዛል። በመጀመሪያ ልጅ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያለው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በማህፀን በር የሚደረገው ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ይበቃል። የልጁ ልብ ምት ግን በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው መደመጥ አለበት። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው። ማንም ሳያዳምጥልሽ ረጅም ጊዜ ካለፈ አፍረሽ ዝም አትበይ፣ አስጠሪ።

እናትሽን ወይም ባለቤትሽን ይዘሽ ለመግባት ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ አሁንም ይከለክላሉ። የሚያምኑት ሰው አጠገባቸው ያለ ሴቶች በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው እንደሚቀንስ ግን በጥናት የተረጋገጠ ነው። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ሲበዛ የሚመነጨው አድሬናሊን ምጡን ሊያዘገየው መቻሉ ነው።

ወደ 8 እና 9 ሴንቲሜትር ስትጠጊ አንድ አስቸጋሪ ሰዓት ይመጣል። ትንቀጠቀጫለሽ፣ ያስመልስሽ ይሆናል፣ «አልችልም፣ ቅደዱኝና አውጡት» ትያለሽ። «ማርያም ማርያም» የሚለው ድምፅም ከፍ የሚለው እዚህ ጋ ነው። ብዙውን ጊዜ እዚያ የደረሰች ሴት ልትወልድ ተቃርባለች።

10 ሴንቲሜትር ሲሞላ ሁለተኛው ደረጃ ይጀምራል። በሩ ተከፍቷል፣ የቀረው መውጣት ነው። በመጀመሪያ ልጅ እስከ 3 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። 10 ስለሞላሽ ብቻ ወዲያው «ግፊ!» መባል የለብሽም። ጭንቅላቱ ወርዶ ከታች ያሉትን ጡንቻዎች ሲነካ ሰውነትሽ ራሱ ይነግርሻል። ሰገራ የመጣብሽ ይመስልሻል። ያ ጫና ተጨማሪ ኦክሲቶሲን ያስመነጫል፣ ምጡ ይበረታል፣ ሳትፈልጊው ታምጫለሽ።

ልጁም ዝም ብሎ አይገፋም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ክፍል ይሄ ነው። የዳሌ አጥንት መግቢያው ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ መውጫው ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ። ልጁ አገጩን ደረቱ ላይ ያጣብቃል፣ በዚህም 9.5 ሴንቲሜትር ያህል የሆነውን የጭንቅላቱን ጠባብ ስፋት ያስቀድማል። ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ ይገባል። ሲወርድ ይዞርና ፊቱ ወደ ጀርባሽ ይሆናል። ከዚያ ማጅራቱን ከፊት ለፊት አጥንትሽ ሥር አስደግፎ ቀና ይላል፣ ግንባሩና ፊቱ ይወጣሉ። ትከሻው እንዲያልፍ ደግሞ እንደገና ይዞራል። የራስ ቅሉ አጥንቶችም ገና ስላልተጋጠሙ ትንሽ ይደራረባሉ፤ እርግብግቢቱም ያለው በመገጣጠሚያቸው ላይ ነው። ሲወለድ ጭንቅላቱ ሾጠጥ ብሎ ብታዪው አትደንግጪ። በቀናት ውስጥ ይስተካከላል፣ በእጅ መጠፍጠፍም አያስፈልገውም።

በጀርባሽ ተንጋልለሽ መተኛት ግዴታ አይደለም። እንዲያውም በጀርባ መተኛት ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ሥር ይጫነዋል። አያቶቻችን ብዙዎቹ ተንበርክከው ነው የወለዱት፣ ዘመናዊው ሳይንስም በጎን፣ በቁጢጥ ወይም በጉልበት መሆንን ይደግፋል። ሆድሽን ከላይ የሚጫን ሰው ካለ ግን እምቢ በይ። አይመከርም። ያለ ምክንያት ለሁሉም ሴት በመቀስ መሰንጠቅም እንደዚያው። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል የማቃጠል ስሜት ይመጣል። ያኔ አዋላጇ «አትግፊ» ስትልሽ አፍሽን ከፍተሽ በአጭር በአጭሩ ተንፍሺ። ቆዳው ቀስ ብሎ እንዲለጠጥ ነው።

ስለ ኦፕራሲዮን ለባለቤትሽ የምለው አጭር ነው። ሲያስፈልግ ሕይወት ያድናል፣ ሲያስፈልግ እንቢ እንዳትሉ። ልጁ ከተጨነቀ፣ ምጡ ጠንቶ ሳለ በሩ መከፈት ወይም ጭንቅላቱ መውረድ ካቆመ ምክንያት አለ። በ2 ሴንቲሜትር መሰልቸት ግን ምክንያት አይሆንም። የሆድ ቀዶ ሕክምና ነው። ማገገሚያው ይረዝማል፣ በሚቀጥለው እርግዝና የእንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ የመጣበቅ አደጋም ይጨምራል።

ልጁ ከወጣ በኋላ ቤተሰብ እልል ይላል፣ እኛ ግን ገና ትኩረታችንን አንለቅም። አገራችን ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ እናቶችን ከሚገድሉት ቀዳሚው የደም መፍሰስ ነው። አብዛኛውም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጭንሽ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጊያለሽ። አትቃወሚ። ልጁ ደህና ከሆነ እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ተጠብቆ ይቆረጣል፣ ያ ጊዜ ለልጁ ተጨማሪ ደም ይሰጠዋል። የእንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ተጣብቆ የነበረበት ቦታ ላይ የተከፈቱ የደም ሥሮች ይቀራሉ። የማህፀን ጡንቻዎች እነዚህን ሥሮች ተጠላልፈው ከበዋቸዋል። ማህፀኑ ሲኮማተር አንቀው ይዘጓቸዋል። ካልተኮማተረ ደሙ አይቆምም። ለዚህ ነው እምብርትሽ አካባቢ እየነካን ጠንካራ መሆኑን ደጋግመን የምናየው። ያማል፣ ታገሺን።

ልጁን ወዲያው ደረትሽ ላይ አድርገው ይስጡሽ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይጀምር። ሲጠባ ኦክሲቶሲን ይመነጫል፣ ማህፀንሽም ይጠብቃል። ሲጠባ ሆድሽን ቢቆርጥሽ የዚሁ ምልክት ነው። ገላውን ማጠብ ለ24 ሰዓት ይቆይ። እናትሽ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ ግን ብርዱ ለልጁ አይበጅም። ሽንትሽን ሽኚ፣ ፊኛሽ ከሞላ ማህፀኑ በደንብ አይኮማተርም። ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ቆዪ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስሽ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ወይም ስትነሺ ካዞረሽ ተረኛውን ጥሪ፣ ሌሊትም ቢሆን። ገንፎውን እዚያው ያምጡልሽ፤ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ራሳቸውም ያገነፋሉ።